የዋስ ቤት እንባ

የዋስ ቤት ምሰሶ ቅጠሉን ያረገፈው ጎህ ሲቀድ ነበር። ትርንጎ ለእንግዶቹ ቁርስ ልታሰናዳ ወደ ታላቁ አዳራሽ ስትገባ ወለሉ በቢጫ ቅጠል ተሸፍኖ አገኘችው። ከተወለደች ጀምሮ ከዚያ ዛፍ አንዲት ቅጠል ስትወድቅ አይታ አታውቅም።

በአርዳሜን መንግሥት፣ ጉም በማይለየው በሲሆር ሸለቆ አፍ ላይ የቆመውን ይህን የእንግዳ ማደሪያ የማያውቅ መንገደኛ አልነበረም። ምሰሶው ሥሩ ከምድር ያልተነቀለ ሕያው ዝግባ ነው፤ ቤቱ በዙሪያው ተሠራ ከማለት ከእርሱ በቀለ ማለት ይቀልላል። እንግዳ ደጁን ሲረግጥ ግድግዳው ፈቀቅ ይልና አዲስ ክፍል ይከፈታል፤ ለሽማግሌ ከምድጃው አጠገብ፣ ለሙሽሮች በአትክልቱ በኩል፣ ልቡ ለተሰበረ ሰው ደግሞ የዝናብ ድምፅ በሚሰማበት ጥግ። አልጋው የተኛበትን ሰው ሕመም ያውቃል። ድስቱ የራበው ሰው እስካለ ድረስ አይጎድልም።

ይህ ሁሉ በረከት የሚመነጨው በዝግባው ወገብ ላይ ከረጋች፣ ቡጢ ከምታክል ወርቅማ የሙጫ ጠብታ ነበር። ሰዎች «እንባ» ይሏታል። በጥንት ዘመን መጠጊያ አጥቶ ከሥሩ ለሞተ አንድ መንገደኛ ዛፉ ያነባት ናት ይባላል። ያን ዕለት ማለዳ ግን በቦታዋ የቀረው በጩቤ የተፈለቀቀ ቁስል ብቻ ነበር።

«እማዬ!» ብላ ጮኸች ትርንጎ።

እናቷ እመት ውዳላት፣ የቤቱ እመቤት፣ ከማድ ቤት ሮጣ መጣች። የዛፉን ቁስል በጣቷ ዳሰሰች። «ያ ክንዱ የቆሰለው እንግዳ የት አለ?» ብላ ጠየቀች።

ክፍሉ ባዶ ነበር። ትናንት እመት ውዳላት ቁስሉን በማር አጥባ፣ የገዛ ነጠላዋን ቀድዳ ያሰረችለት ሰው የእንግድነትን ኪዳን አፍርሶ ሄዷል።

የሄደው በረከቱ ብቻ አልነበረም። በሲሆር ጉም ውስጥ ድምፀ በሎች ይኖራሉ። ሰው ሲበሉ ድምፁን ይወርሳሉ፤ በዚያ ድምፅ ዘመዱን በስሙ ይጠራሉ፤ ዘመዱም «አቤት» ብሎ ከመለሰ ያበቃለታል። እስከዚያ ቀን ድረስ ጉሙ የዋስ ቤትን ደጅ አልፎ አያውቅም ነበር። ከቀትር በኋላ አለፈ።

በግቢው ውስጥ ጨው ነጋዴዎች በቅሎዎቻቸውን እየጫኑ ነበር። እመት ውዳላት ወጥታ አንድ በአንድ እየጎተተች ወደ ውስጥ አስገባቻቸው። የመጨረሻውን ሰው ገፍታ ስታስገባ ጉሙ ከወገቧ በታች ዋጣት። ትርንጎ በሁለት እጆቿ ይዛ ጎተተቻት።

«በሩን ዝጊው» አለቻት እናቷ። ድምፅዋ የድስት ክዳን አምጪ እንደሚል ሰው የረጋ ነበር። ከዚያም እጇን ከልጇ እጅ ራሷ አስለቀቀች።

ጥቂት ቆይቶ ያው ድምፅ ከውጭ መጣ። «ትርንጎ፣ የኔ ልጅ፣ በረደኝ። ክፈቺልኝ።»

ግራዝማች አዛርያ ባይይዟት ኖሮ በከፈተች ነበር። ግራዝማች አንድ ክንዳቸውን በንጉሡ ጦርነት ያጡ ሽማግሌ ናቸው። ከብዙ ዓመት በፊት ለአንድ ቀን ማደሪያ ብለው መጡ፤ ቤቱ ከበሩ አጠገብ ክፍል ከፈተላቸው፤ በዚያው ቀሩ። እሷን በጀርባቸው ለመሸከም፣ ሰይፍ አያያዝ ለማስተማር፣ ስታጠፋም ከእናቷ ቁጣ ለመደበቅ የበቁ ሰው ነበሩ። አሁን በቀረቻቸው ክንድ አጥብቀው እንደያዟት፣ ድምፁ ሰልችቶት እስኪርቅ ድረስ አለቀቋትም።

«ሌባውን አውቀዋለሁ» አሏት ኋላ። «ትናንት ተከናንቦ ሲገባ አለየሁትም። ዛሬ ግን ክፍሉ ውስጥ ጥሎት የሄደውን የጩቤ አፎት አየሁ። የሐረግ አምባው ደጃዝማች ናሁሰናይ ነው። ባንድ ጦር ውስጥ ጎን ለጎን ተሰልፈናል። አምባው ከሸለቆው ማዶ ነው።»

በሚቀጥለው ማለዳ ጉሙ ከግቢው ጥቂት ሸሸ ሲል፣ ቤቱ በግማሽ ተጨማዶ ነበር። ክፍሎቹ እንደደረቀ ፍሬ እየተሸበሸቡ ይዘጋሉ። ሙቀት የቀረው ከምሰሶው ሥር ብቻ ነው። ትርንጎ ነጋዴዎቹንና ወጥ ሠሪዋን እትዬ ትኩን እዚያ ሰበሰበቻቸውና መዳፏን በዛፉ ቁስል ላይ አኖረች።

«የአርዳሜን ሰማይ ይስማኝ! የእናቴ ነፍስ ትስማኝ! እንባዋን ወደዚህ ምሰሶ ሳልመልስ ከጣሪያ በታች ባርፍ፣ ከገበታ ብቀመጥ፣ ይህ ደጅ ለእኔ ይዘጋ፤ ስሜም ከመንገደኛ አፍ ይጥፋ!»

ግራዝማች ሰይፋቸውን መዘው ከጎኗ ተንበረከኩ። «አንዱን ክንዴን ለንጉሥ ሰጠሁ፤ ንጉሡም ረሳኝ። የቀረኝን ለዚህ ቤት እሰጣለሁ። ይህን ቃል ባጥፍ አፈር አይቀበለኝ!»

ሦስተኛ ጓደኛቸው ረመጤ ነበረ። ረመጤ በምድጃው ፍም ውስጥ የሚኖር፣ እንሽላሊት የሚመስል ቀይ ፍጥረት ነው፤ ከሰል ይበላል፣ ደስ ሲለው ብልጭታ ይረጫል፣ ክረምት ሲሆን የእንግዶችን እርጥብ ጫማ ካላደረቅሁ ብሎ ያስቸግራል። ከዝግባው ጋር አብሮ የኖረ በመሆኑ ወደ እንባዋ ሲቀርብ ይግላል፤ ሲርቅ ይቀዘቅዛል። ትርንጎ ጎኑ በተበሳ የሸክላ ማሰሮ ውስጥ ትኩስ አመድ አድርጋ አስተኛችው። የሱ ብርሃን ጉሙን የክንድ ርቀት ያህል ብቻ ይገፋል። ለሁለት ሰው እሱም በቂ ነው።

ሸለቆው ውስጥ ቀንም ቀን አይመስልም። ዛፎቹ ከጉሙ ውስጥ እንደ ሰመጠ ሰው እጅ ብቅ ይላሉ። በመንገዱ ዳርና ዳር ባለቤት ያጡ ጭነቶች፣ ጋሻዎች፣ አንድ የሕፃን ማዘያ ተጥለው አዩ። ጥሪው ከየአቅጣጫው ይመጣል፤ አሮጊት፣ ወታደር፣ ጥርሷ ገና ያልበቀለ የምትመስል ሕፃን። ግራዝማች ሳይዞሩ ይራመዳሉ፤ ትርንጎም የሳቸውን ተረከዝ እያየች ትከተላለች።

ከገደሉ ሥር ሲደርሱ ያ ድምፅ መጣ።

«ትርንጎ፣ ድስቱ ሊያርር ነው። ነይና አውርጂልኝ፣ እጄ ተይዟል።»

እናቷ በየቀኑ የምትላት ነገር ነበር፤ ቃሉም፣ ትንፋሹም ያው። የትርንጎ ከንፈር ሳታዝዘው ተከፈተ። «አቤ…» ከማለቷ የግራዝማች መዳፍ አፏን ከደነው። ከጉሙ ውስጥ ቆዳው እንደ እርጥብ አመድ የሆነ፣ ፊቱ አፍ ብቻ የሆነ ረጅም ነገር ወደ ብርሃኑ ጠርዝ ጎንበስ ብሎ ጠበቀ። ረመጤ ከማሰሮው ውስጥ እሳት ተፋ። ነገሩ ወደ ኋላ ተሳበ፤ ሲሄድም በእናቷ ድምፅ ሳቀ።

«ስሚኝ ልጄ» አሉ ግራዝማች በሹክሹክታ። «እናትሽ በሩን ዝጊው ብላሻለች። የመጨረሻ ቃሏ እሱ ነው። ከዚያ ወዲህ የሰማሽው የእሷ አይደለም።»

ትርንጎ ራሷን ነቀነቀች። የዓይኗ እንባ ግን እስከ ሐረግ አምባ ድረስ አልቆመም።

አምባው ላይ ሲወጡ የጠበቁትን አላገኙም። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ጠባቂዎቹ ጦራቸውን ግንብ አስደግፈው ፀሐይ ይሞቃሉ። ልጆች በአደባባዩ ይሯሯጣሉ፤ እናቶቻቸው እንደ ተአምር ቆመው ያዩዋቸዋል። ከግንቡ ሥር ያለው መቃብር ግን ከቤቶቹ ይበዛል። አብዛኛው ባዶ ነው፤ የሚቀበር አካል አልተገኘምና።

ረመጤ ማሰሮው እስኪያቃጥል ድረስ ጋለ። እንባዋ በአደባባዩ መካከል በድንጋይ መቀመጫ ላይ ታበራለች፤ አጠገቧም ክንዱ በእመት ውዳላት ነጠላ እንደታሰረ ናሁሰናይ ተቀምጧል። ግራዝማች አዛርያን ባየ ጊዜ ቀለሙ ተለወጠ። ለወታደሮቹ ግን ወደ ኋላ በሉ የሚል ምልክት ሰጠ።

«ግራዝማች፣ ሊገድሉኝ ከመጡ ይግደሉኝ» አለ። «እንባዋን ግን ለእነዚህ ሰዎች ይተዉላቸው። ጉሙ በየዓመቱ ሽቅብ ይወጣል። ንጉሡን ለመንሁ፤ መልስ የለም። ሚስቴ ከዚህ ገደል ሥር ሆና በየማታው ትንሿን ልጄን ትጠራት ነበር። ልጄን በገመድ አስሬ ነበር የማሳድራት። እንባዋ ከመጣች ወዲህ ግን ፈትቻታለሁ።»

በዋስ ቤት ሕግ የእንግድነትን ኪዳን ያፈረሰ ሰው፣ ንጉሥም ቢሆን፣ «እርስዎ» አይባልም። ትርንጎ ፊት ለፊቱ ቆመች።

«ያንን ቁስል ያሰረችልህ እናቴ ናት። ሞታለች። እዚያ ታች በጉሙ ውስጥ ትጠራኛለች።»

ናሁሰናይ ክንዱን አየ።

«ለመሆኑ ጠይቀሃት ነበር?» አለችው። «ሕዝቤ እያለቀ ነው ብለሃታል?»

«አንድ አገር ሙሉ ሰው ማን ይቀበላል? ደግሞስ ሸለቆውን በምን እንሻገራለን? እኔ እንኳ እናንተ ዘንድ የደረስኩት አብረውኝ የወጡትን ሁሉ አስበልቼ ነው።»

«እናቴ ከደጇ የመለሰችው ሰው የለም። አንተ ሳትጠይቃት ገደልካት።»

በመንገድ ሁሉ ያሰበችው ይህን ሰው ስለመግደል ነበር። ሰይፏ በወገቧ ላይ ነው፤ እሱም የሚከላከል አይመስልም። ነገር ግን ከአደባባዩ ወዲያ ልጆቹ ጨዋታቸውን አቁመው ያዩዋታል። እንባዋን ይዛ ብትሄድ፣ ከነገ ወዲያ እነዚህ ድምፆች ሁሉ በጉሙ ውስጥ ሌላ ሰው ሲጠሩ ታወቃት። ብትተዋት ደግሞ እትዬ ትኩና ነጋዴዎቹ ያልቃሉ፤ በሲሆር የሚያልፈው መንገደኛ ሁሉ ያልቃል። ድንጋዩን ተደግፋ ቆመች። እናቷ ብትሆን ምን ትል ነበር? ሌላ ነገር አትልም። ስንት ናችሁ ብላ ትጠይቅና ድስቱን ትጥድ ነበር።

ትርንጎ ወደ ሕዝቡ ዞረች።

«የሐረግ አምባ ሰዎች! እኔ የእመት ውዳላት ልጅ ትርንጎ ነኝ። ቤታችን እንግዳ በበዛ ቁጥር ይሰፋል፤ ጠብቦ አያውቅም። ዛሬ ሁላችሁንም እንግዳ ብዬ ጠርቻችኋለሁ። እንባዋን ከፊት ይዤ ሸለቆውን አሻግራችኋለሁ። መንገዱ ክፉ ነው፤ ሁላችንም አንደርስም ይሆናል። እዚህ ብትቀሩ ግን ይህ ግንብ መቃብራችሁ ነው። በእናቴ ስም እምላለሁ፤ ደጄን የረገጠ ሰው በሕይወት እያለሁ ወደ ጉሙ አይመለስም!»

አንዲት ሴት ልጇን አዘለች። ሌላዋም እንዲሁ። ከዚያ በኋላ አምባው ሁሉ ይንቀሳቀስ ጀመር።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ወረዱ። እንባዋ በትርንጎ እጅ ላይ ከአምባው ይልቅ ደምቃ አበራች። ሕዝቡ ተጠጋግቶ በብርሃኗ ክበብ ውስጥ ይሄዳል፤ ናሁሰናይ ልጁን በትከሻው ተሸክሞ በእጁ ምልክት እየሰጠ ያበረታታቸዋል። ድምፀ በሎቹ ዙሪያቸውን ከበው ባሎችን በሚስቶች ድምፅ፣ እናቶችን በልጆች ድምፅ ጠሩ። ሰዎቹ ከመሪዎቹ በቀር ጆሯቸውን በሰም ደፍነው፣ እጅ ለእጅ ተያይዘው አለፉ። የአንበሳ ጉሮሮ ከተባለው ጥልቅ ጥበት እስኪደርሱ ድረስ አንድም ሰው አልጎደለም።

የአንበሳ ጉሮሮ ግን በሁለት ገደል መካከል አንድ ሰው ብቻ የሚያሳልፍ መንገድ ነው። ሰልፉ እንደ ክር ቀጠነ፤ ረዘመም። የእንባዋ ብርሃን ጭራው ጋር አልደረሰም። ከኋላ አንድ ሽማግሌ ጮኸ፤ ወዲያው ያው ሽማግሌ ከገደሉ አናት የልጅ ልጁን ስም ጠራ። ሰዎች መጋፋት ጀመሩ።

ናሁሰናይ ልጁን አውርዶ ጦሩን አነሣ። «ጥፋቱ የእኔ ነው። ከኋላ እኔ ልቅር።»

ግራዝማች በመዳፋቸው ደረቱን ገፉት። «ይህ ሕዝብ የሚከተለው አንተን ነው። አንተ ከወደቅህ በዚች ጥበት ውስጥ እርስ በርሱ ተረጋግጦ ያልቃል። ብትሞት ደስ ይለኝ ነበር፤ አልዋሽህም። ግን አትጠቅመኝም። ሂድ!»

ከዚያም ወደ ትርንጎ ዞረው እጃቸውን ዘረጉ። «ረመጤን ስጪኝ።»

«ግራዝማች፣ አይሆንም! አብረን ነው የምንመለሰው፤ ምለዋል!»

«የማልሁት ለቤቱ ነው። ቤቱ ደግሞ አሁን በእጅሽ ያለው ነው።» ማሰሮውን ከክንዷ ወስደው በአንገታቸው አንጠለጠሉት። ረመጤ በቀዳዳው አንገቱን አውጥቶ አያት፤ እንደ ወትሮው ብልጭታ አልረጨም። «አሁን ስሚኝ። ከዚህ ቦታ በኋላ አንዲት ቃል አልተነፍስም። ብታረድም አልጮህም። ድምፄን ከሰማሽ እኔ አይደለሁም። ይኸው መሐላዬ።»

ግንባሯን ሳሟት። ከዚያ በሰልፉ ላይ ሽቅብ ተጋፍተው ወደ ኋላ ሄዱ።

ትርንጎ እንባዋን ከፍ አድርጋ መራች። ከኋላዋ የብረት ድምፅ ሰማች፤ እሳት ሲተፋ ሰማች፤ ገደሉ ለአፍታ ቀይ ሲሆን አየች። የሰው ድምፅ ግን አልነበረም። የሰልፉ ጭራ ከጥበቱ ሲወጣ የብረቱም ድምፅ አቆመ።

ጥቂት ሄደው ነበር።

«ትርንጎ፣ ልጄ» አለ የግራዝማች አዛርያ ድምፅ። «አሸንፌያቸዋለሁ። እግሬ ብቻ ተጎድቷል። ጥቂት ጠብቂኝ።»

እሷ ጆሮዋን አልደፈነችም፤ የሚመራ ሰው መስማት አለበት ብላ ነበር። እውነት ቢሆንስ? ቆስለው በድንጋይ ላይ ተቀምጠው ቢሆንስ? ሰውየው መሐላቸውን እስከ መጨረሻው እንደሚጠብቁ ታውቃለች፤ ሆኖም ማወቋ እግሯን አላቀለለላትም። ከንፈሯን እስኪደማ ነከሰች። ድምፁ ለመነ፤ ተቆጣ፤ በመጨረሻም ሕፃን ሳለች ይሏት እንደነበረው «የኔ ጀግና» አላት። አልዞረችም።

ዋስ ቤት ከነበረበት ቦታ ላይ ያገኙት በዛፉ ግንድ ላይ የተጣበቀች፣ ጎጆ የምታክል ነገር ነበረች። በሩን ስትገፋ እትዬ ትኩና ነጋዴዎቹ ከምሰሶው ሥር ተቃቅፈው፣ ቅዝቃዜው ምላሳቸውን አስሮት አገኘቻቸው። ጉሙ ተከትሎ ግቢውን ሞላ። ከኋላ ያሉት ሴቶች ጮኹ። ትርንጎ እየተንደረደረች ሄዳ እንባዋን በዝግባው ቁስል ውስጥ ደፈቀቻት።

ዛፉ ትንፋሽ ሳበ። መጀመሪያ ወለሉ ሞቀ፤ ቀጥሎ ግድግዳው እንደ ተጠቀለለ ሰሌን ተዘረጋ፤ በሮች ተራ በተራ ተከፈቱ፤ አዳራሽ ከአዳራሽ ወጣ። ለነፍሰ ጡሮች፣ ለቁስለኞች፣ ለወላጅ አልባ ልጆች ሁሉ ክፍል ተገኘ። በአንድ ጊዜ ያን ያህል እንግዳ ቤቱ ተቀብሎ አያውቅም፤ በዚያም ልክ ኃይሉ በረታ። ጉሙ ከግቢው ተገፋ፤ ከአንበሳ ጉሮሮም ተገፋ፤ እስከ ሸለቆው ወለል ድረስ ሸሸ። ድምፀ በሎቹ ብርሃን ሲነካቸው እየተበተኑ የያዙትን ድምፅ ሁሉ ለቀቁት፤ ገደሉ ለረጅም ጊዜ በብዙ ሰው እስትንፋስ ተሞልቶ ቆየና ጸጥ አለ።

ድል ነበር። ሰዎቹ ግን እልል አላሉም። ትርንጎ ወደ ጥበቱ ተመልሳ የግራዝማችን ሰይፍ በድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ ተሰክቶ፣ ማሰሮውንም ተሰባብሮ አገኘች። አመዱ ቀዝቅዟል። ሌላ የሚቀበር ነገር አልነበረም። ገሉን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ፣ ሰይፉን ተሸክማ ተመለሰች።

በደጁ ላይ ናሁሰናይ ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ፣ ሕዝቡ እያየ ተንበርክኮ ጠበቃት። «ፍረጂብኝ» አላት።

«ድንጋዩን ጣል» አለችው። «ደጃዝማችነትህ ከዚህ ደጅ ውጭ ቀርቷል። ቦታህ በሩ ላይ ነው። የሚመጣውን እንግዳ ሁሉ እግር ታጥባለህ፤ ማን እንደሆነ ሳትጠይቅ፣ እስክትሞት።»

ሰውየው ድንጋዩን አውርዶ መሬት ሳመ።

ክረምቱ ሲገባ ከወዲያ ማዶ አገር የመጣች፣ ጭቃ እስከ ጉልበቷ የደረሰባት አንዲት መንገደኛ በሩ ላይ ቆመች። ናሁሰናይ የመታጠቢያውን ገበቴ ይዞ ከፊቷ ጎንበስ ሲል፣ ትርንጎ ከአዳራሹ ወጣች። አንገቱን ቀና አድርጎ አያት። ፊቱ ከስቷል፤ ልጁ ከግቢው ውስጥ ስትስቅ ይሰማል።

«እመቤቴ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አለ። «ይቅር ብለሽኛል?»

ትርንጎ እጇን ገበቴው ውስጥ ነከረች።

«አላልኩህም» አለችው። «ውኃው ቀዝቅዟል፤ እንግዳዋ ደግሞ ቆማለች። ሂድና አሙቀህ አምጣ።»